ኩባንያህ ለማን ነው የሚሸጠው?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አክሲዮን ናቸው። እዚህ ለቡ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ በምንቀራው ደርስም ኪታቡ ተዘግቶ ሻይ ሲቀርብ ወሬው ወደዚያው ይሄዳል። አይፈረድባችሁም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2021 ሥራ ጀመሩ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ኢትዮ ቴሌኮም በ2024 መገባደጃ ላይ በቴሌብር አክሲዮን ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። 9,900 ብር ያለው ሰው ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ባለድርሻ ሆነ። ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። አባቶቻችን የሚያውቁት እቁብና ዕድር ነበር፤ ከእናንተ አንዳንዱ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ባለአክሲዮን ሆኗል።

የምትጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነው፦ "ኡስታዝ፣ ሐላል ነው?" ይህን ስትሉ ወለድ አለበት ወይ፣ መጠጥ ይነግዳል ወይ ማለታችሁ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አትተዉት። ዛሬ የማነሳው ግን እስካሁን አንድም ሰው ያልጠየቀኝን ነው። ኩባንያው ለማን ነው የሚሸጠው? ገዢውስ በዕቃው ምን ይሠራበታል? በተለይ ገዢው መንግሥት ሲሆን፣ ዕቃውም ድንበር ተሻግሮ ሰው ላይ ጉዳት የሚያደርስ ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ የትርፍ ድርሻውን የሚቀበለው ሰው አላህ ዘንድ ይጠየቅበታል ወይ?

በቀላሉ እንጀምር። ሦስት የሰፈራችን ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ሚኒባስ ገዙ እንበል። አንዱ ይነዳል፣ ሁለቱ ሌላ ሥራ አላቸው። መኪናዋ ከለቡ ሜክሲኮ ትመላለሳለች፤ እሁድ ማታ ሒሳብ ይካፈላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ገቢው ጨመረ። ሁለቱ ደስ አላቸው፤ ለምን ጨመረ ብለው ግን አልጠየቁም። ለካ ሾፌሩ ሌሊት ሌሊት መኪናዋን የተሰረቀ ዕቃ ለሚያጓጉዙ ሰዎች ያከራይ ነበር። ጉዳዩ ሲወጣ ሁለቱ "እኛ አልነዳንም፣ ሌባም አናውቅም" ቢሉ እናንተ ምን ትፈርዳላችሁ? ከማወቃቸው በፊት ስለነበረው ጊዜ ምናልባት ታዝኑላቸው ይሆናል። ካወቁ በኋላ አንድ እሁድ እንኳ ሒሳቡን በዝምታ ከተካፈሉ ግን ማንም አያዝንላቸውም።

በፊቅህ ኪታቦች የሽርካ ምዕራፍ ላይ ዑለማዎች የሚያስቀምጡት መሠረትም ይኸው ነው። ሸሪክ ለሸሪኩ ወኪል ነው። በሽርካው ገንዘብ ሲገዛና ሲሸጥ ለራሱም ለሌላውም ነው። ትርፉ የጋራ የሆነው ሥራውም የጋራ ስለሆነ ነው። ዘመናዊው አክሲዮን ማኅበር በመልኩ ከዚህ ይለያል፤ የዳይሬክተሮች ቦርድ አለ፣ ሥራ አስኪያጅ አለ፣ ሕጉም የባለአክሲዮኑ ዕዳ ካዋጣው ገንዘብ አያልፍም ይላል። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ኩባንያው ቢከስር አበዳሪዎች ቤትህን አይወስዱብህም ማለት እንጂ ኩባንያው ሰው ቢበድል አንተን አይመለከትህም ማለት አይደለም። ሕጉ ጥሪትህን ነው የጠበቀልህ። ሥራ አስኪያጁን የሾመው ቦርድ ነው፣ ቦርዱን የመረጠው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ጉባኤው ደግሞ አንተ ነህ።

አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ፤ ደርሱን የምትከታተሉ ትወዱታላችሁ። አክሲዮን በዛሬው ዐረብኛ "ሰህም" ይባላል፤ ብዙ ሲሆን "አስሁም"። ድርሻ ማለት ነው፣ ዕጣም ማለት ነው። ከኑዕማን ኢብኑ በሺር ተይዞ ቡኻሪ የዘገበውን የመርከቡን ሐዲስ ታውቁታላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሰዎችን ምሳሌ ያደርጋሉ፤ ዕጣ ተጣጥለው ከፊሉ ላይኛው ክፍል፣ ከፊሉ ታችኛው ይደርሳቸዋል። የታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት ወደ ላይ መመላለሱ ሲሰለቻቸው በራሳችን ድርሻ ላይ ቀዳዳ ብናበጅስ ይላሉ። በሐዲሱ "ዕጣ ተጣጣሉ" የሚለው ቃል "ኢስተሀሙ" ነው፤ ከ"ሰህም" የወጣ። እንግዲህ ባለ ሰህሞች ናቸው ማለት ነው። ሁለተኛውን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የላይኞቹ ቀዳዳውን አልቦረቦሩም፣ ሐሳቡም የእነሱ አይደለም። ግን የታችኞቹን እጅ ካልያዙ አብረው ይሰጥማሉ።

አሁን እኛኑ ወደነካ እውነተኛ ጉዳይ እንሂድ።

ሚላን፣ ጣሊያን ውስጥ ሃኪንግ ቲም የሚባል ኩባንያ ነበር። የሚሸጠው ዕቃ የስለላ ሶፍትዌር ነው፤ ኮምፒውተርህ ወይም ስልክህ ውስጥ ገብቶ የምትጽፈውን ይቀዳል፣ ፋይልህን ይወስዳል፣ ማይክራፎንህን ከፍቶ ያዳምጣል። ደንበኞቹ መንግሥታት ናቸው። በዲሴምበር 2013 በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በአንድ ቀን፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተመረዘ ፋይል ተላከላቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ቡድን ፋይሎቹን መርምሮ የሃኪንግ ቲም ሥራ መሆናቸውን በፌብሯሪ 2014 ይፋ አደረገ። በዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ቃል አቀባይ አስተባበሉ። በጁላይ 2015 ግን የሰው ምሥጢር ሲያስሰብር የኖረው ኩባንያ የራሱ ምሥጢር ተሰብሮ 400 ጊጋ ባይት የሚያህል ኢሜይልና ሰነድ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) በ2012 አንድ ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ተገኘ። ኢሜይሎቹ ሌላም ያሳያሉ። በማርች 2015 ሲቲዝን ላብ ጋዜጠኞቹ እንደገና ዒላማ መሆናቸውን ሲያወጣ ኩባንያው ድጋፉን ለጊዜው አቋርጦ፣ ቆይቶ ስለ አዲስ ውል ወደ መነጋገር ተመልሷል።

የዚህ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች እነማን ነበሩ? መሥራቾቹ ብቻ አይደሉም። በ2007 ሁለት የጣሊያን የኢንቨስትመንት ፈንዶች አንድ ሚሊዮን ተኩል ዩሮ አስገብተውበታል። አንደኛውን ፈንድ ያስተዳድር የነበረው ተቋም የሎምባርዲያ ክልል መንግሥት የገንዘብ ድርጅት አካል ነበር። ሚላን ውስጥ ዳቦ የሚጋግር፣ ግብሩን በሰዓቱ የሚከፍል ሰው አዲስ አበባ የት እንዳለች ሳያውቅ በሦስት አራት እጅ ተላልፎ የዚህ ውል ተጋሪ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ለባለአክሲዮን ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። በዲሴምበር 2017 ያው ሲቲዝን ላብ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን አጋለጠ። በኢሜይል ሊንክ ይመጣል፤ ስትከፍተው የታወቀ የቪዲዮ ድረ ገጽ ይመስላል፤ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ ይላል፤ ስታድስ ሰላዩን በእጅህ አስገባኸው። ከዒላማዎቹ መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ይመራ የነበረው ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል። የተጠቁት ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች የተበተኑ ነበሩ። ይህ ሁሉ የታወቀው ሰላዮቹ አንድ የሥራ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ትተው ስለነበር ነው፤ የሰውን በር ሲሰብሩ የራሳቸውን መዝጋት ረሱ።

ሳይበርቢት በወቅቱ ሙሉ በሙሉ የኤልቢት ሲስተምስ ንብረት ነበር። የኤልቢት አክሲዮን በቴል አቪቭና በአሜሪካው ናስዳክ ገበያ ለማንም ይሸጣል። ይህን በደንብ አስቡት። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ሐበሻ ወንድማችን ከደመወዙ ለጡረታ የሚቆረጥለት ገንዘብ በፈንድ አማካይነት በመቶዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ ይበተናል። ከእነዚህ አንዱ ኤልቢት ቢሆን አያውቀውም። ማታ ኮምፒውተሩን ለሚሰልለው ኩባንያ ቀን በላቡ ካፒታል ያዋጣል ማለት ነው። ተበዳዩና የበዳዩ ሸሪክ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሸሪዓችን ስለ ስለላ የሚለውን አታጡትም። በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ አላህ መሰለልን ከመጥፎ ጥርጣሬና ከሐሜት ጋር አንድ ላይ ከልክሏል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ መሪ ሕዝቡን በጥርጣሬ ዓይን መከታተል ከጀመረ ሕዝቡን እንደሚያበላሽ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ይህ ሐዲስ ሁሌ ይገርመኛል። ተሰላዩ ይጎዳል ብቻ አይልም፤ ሕዝብ ይበላሻል ነው የሚለው። ከ2018 በፊት ጎልማሳ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሁለት ጓደኛሞች ቁም ነገር ሊያወሩ ሲሉ ስልካቸውን ሌላ ክፍል አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች በማርች 2014 ባወጣው ሪፖርት የታሰሩ ሰዎች የስልክ ጥሪ ዝርዝራቸውና የተቀዳ ድምፃቸው በምርመራ ላይ እንደቀረበባቸው መዝግቧል። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበት፣ ወንድም ለወንድሙ ሲደውል ቃላት የሚመርጥበት ኑሮ በአንድ ቀን አይመጣም፣ በአንድ ቀንም አይሄድም።

እርግጥ ነው መንግሥት ወንጀለኛ የመያዝ ግዴታ አለበት። አል ማወርዲ በ"አል አሕካሙ ሱልጣኒያ" ሰው ሊገደል ነው የሚል ታማኝ መረጃ ሲመጣና ካልደረሱለት ሊመለስ የማይችል ጥፋት የሚከተል ሲሆን መከታተልና መመርመር እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። ስለዚህ ለመንግሥት የተሸጠ የምርመራ መሣሪያ ሁሉ ሐራም ነው የሚል ፈትዋ ከእኔ አትጠብቁ። ጋዜጠኛን ለመሰለል መዋሉ በማስረጃ ከወጣ በኋላ መሸጡን የቀጠለ ኩባንያ ግን "ለወንጀል መከላከያ ነው የሸጥኩት" የሚለው ቃል አያድነውም።

ማጣሪያዎቻችን ይህን ይይዙታል ወይ? ባሕሬን የሚገኘው የኢስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና የኦዲት ድርጅት፣ አዮፊ የምንለው፣ በ21ኛው የሸሪዓ መስፈርቱ ስለ አክሲዮን ያስቀመጠውን ዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። የኩባንያው ሥራ ሐላል ይሁን፣ የወለድ ብድሩ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ አይለፍ፣ በወለድ ያስቀመጠውም እንዲሁ፣ ሐራም ገቢው ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ አይብለጥ። ጠቃሚ መስፈርት ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን እዩት፤ በቁጥር የሚለካው ሁሉ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ነው። ብድር የሌለበት፣ ገንዘቡን በወለድ የማያስቀምጥ፣ በንግድ መዝገብ ላይ "ሶፍትዌር አምራች" ተብሎ የተጻፈ ኩባንያ በሦስቱም ቁጥሮች ሊያልፍ ይችላል። እንደ ዳው ጆንስ ኢስላሚክ ያሉ ኢንዴክሶች የጦር መሣሪያ ኩባንያዎችንም ያስወጣሉ፤ ኮድ የሚጽፍ ኩባንያን ማን ጦር መሣሪያ ብሎ ይመዘግበዋል? ስልክ ላይ ያለው የማጣሪያ አፕ አረንጓዴ ምልክት ሲያሳያችሁ የወለዱን ጥያቄ ነው የመለሰላችሁ። የበደሉን ጥያቄ አልመለሰም፤ አልተጠየቀምና።

የጥንት ፉቀሃዎች ግን ጠይቀውታል። ሰሓቢዩ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን በፊትና ጊዜ መሣሪያ መሸጥን እንደጠሉ ቡኻሪ በሽያጭ ኪታባቸው በምዕራፍ ርዕስ ላይ አስፍረዋል። ሰይፉ ያው ሰይፍ ነው፤ ትናንት መሸጡ ችግር አልነበረበትም፤ የተለወጠው ገዢው የሚያውልበት ነገር ነው። ወይን ለጠማቂ መሸጥም እንደዚሁ ነው። በእኛ አገር በብዛት በምንከተለው በሻፊዒ መዝሀብ ሻጩ ገዢው መጠጥ እንደሚጠምቅበት ካወቀ ወይም በጠንካራ ግምት ከያዘ መሸጡ ክልክል ነው፤ መጠርጠር ብቻ ከሆነ የተጠላ ነው። የሐነፊዮቹ ኢማም አቡ ሐኒፋ ሰፋ ያለ አቋም አላቸው፤ ጥፋቱ ከመሸጥ በኋላ በገዢው ፈቃድ የሚመጣ ነው ብለው። እኔ በስለላው ጉዳይ የሻፊዒዮቹን አቋም እመርጣለሁ። የወይን ሻጭ ወይኑን አስረክቦ ይሄዳል። የሶፍትዌር ሻጭ ግን አይሄድም፤ ያሠለጥናል፣ ያድሳል፣ ሲበላሽ ይጠግናል፣ በየዓመቱ ክፍያ ይቀበላል። በእያንዳንዱ እድሳት እንደ አዲስ ሸጠ ማለት ነው።

"ፈቃድ ነበረን" የሚለውን መልስም እንየው። ሳይበርቢት በ2017 የሰጠው መልስ በመሠረቱ ይህ ነበር፤ የምንሸጠው ለመንግሥታት አካላት ነው፣ ወደ ውጭ የምንልከውም በአገራችን ቁጥጥር ሥር ነው። የኤክስፖርት ፈቃድ አንድ መንግሥት ለሌላው መንግሥት እንዲሸጥ የሚሰጠው ነው። መሃል ላይ ያለው ጋዜጠኛ ፈቃዱን አልሰጠም። ደግሞም ፈቃድ ይሻራል፤ የጣሊያን መንግሥት በ2016 የሃኪንግ ቲምን አጠቃላይ የኤክስፖርት ፈቃድ ሰርዞበታል። ፈቃዱ ከመሰረዙ በፊት የነበረው በደል ያኔ ሐላል ሆኖ በኋላ ነው ሐራም የሆነው የሚል ሙስሊም ሊኖር አይችልም።

አሁን የምትሉትን እሰማዋለሁ። "ኡስታዝ፣ እኔ 33 አክሲዮን ነው ያለኝ። ጣሊያንን ማን ያዘዋል?" ትክክል ነው። አላህ ነፍስን ከአቅሟ በላይ አያስገድድም፤ የዳቦ ጋጋሪው ተጠያቂነት ከሥራ አስኪያጁ ጋር እኩል አይደለም። አንድ ልብስ ሰፊ ለገዢዎች እሰፋለሁ፣ የበዳይ ረዳት እሆናለሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ረዳቱስ መርፌና ክር የሚሸጥልህ ነው፣ አንተ ራስህ በዳይ ነህ ተባለ የሚል ታሪክ ከሰለፎች ይተላለፋል። ኹጥባ ላይ ደስ ይላል። እንደ ፈትዋ ከወሰድነው ግን ዳቦም መሸጥ አንችልም፤ ስለ ወረዕ የተነገረ ነው። ፊቅህ የሚመዝነው ቅርበትን ነው፤ ምን ታውቅ ነበር፣ ምን ማድረግ ትችል ነበር፣ ምን ያህል ወሰድክ። ከእነዚህ ውስጥ "አላውቅም ነበር" የሚለው ትልቁ ዑዝር ነው፤ ላለማወቅ ሆን ብለህ ዓይንህን ካልጨፈንክ።

ብዛትም ምክንያት አይሆንም። የኖርዌይ የነዳጅ ገንዘብ የሚቀመጥበት የመንግሥት ጡረታ ፈንድ በሺዎች በሚቆጠሩ ኩባንያዎች አክሲዮን አለው። በ2004 የሥነ ምግባር ምክር ቤት ተቋቋመለት፤ ምክር ቤቱ ኩባንያዎችን እየመረመረ እዚህ ውስጥ ሸሪክ ልንሆን አይገባም ይል ነበር። ኤልቢትን በሴፕቴምበር 2009 አስወጥተውታል፤ ምክንያታቸው ኩባንያው በዌስት ባንክ ለተሠራው ግንብ የክትትል መሣሪያ ማቅረቡ ነበር። ከኢትዮጵያው ጉዳይ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ሸሪዓ አያውቁም፤ የሸሪክን አማና ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ጠይቀዋል። በአላህ ይሁንብኝ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ወደ እኛ ጠቅላላ ጉባኤዎች ስንመጣስ? ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል፣ ማን ያነባል? መምጣት የማይችለው ውክልና ይፈርማል፤ ለማን እንደወከለ፣ ወኪሉ ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ አይጠይቅም። የመጣውም ሪፖርቱ ሲነበብ ስልኩን ይነካካል፤ የትርፍ ክፍፍሉ ላይ ሲደረስ ነው ቀና የሚለው። በሐዲስ ያለውን አስታውሱ፤ መጥፎ ነገር ያየ በእጁ ይለውጥ፣ ካልቻለ በምላሱ፣ ካልቻለ በልቡ። የባለአክሲዮን እጅ ድምፁ ነው፤ ምላሱ ደግሞ ጉባኤ ላይ የሚያነሳው ጥያቄ። ሰው እጁም ምላሱም እያለው በቀጥታ ወደ ልብ ይሄዳል፤ ልቡም የትርፍ ድርሻው ሲገባ ይረሳል።

ጥያቄው ከባድ አይደለም። ከትልልቆቹ ደንበኞቻችን መካከል የመንግሥት አካል አለ ወይ? ምን ሸጥንለት? ዕቃው ሰው ለመጉዳት ቢውል ውሉን የምናቋርጥበት አንቀጽ አለን? ከዚህ በፊት ቅሬታ ቀርቦልን ያውቃል? ለመንግሥት መሸጥ በራሱ ነውር የለበትም፤ መድኃኒትም፣ የመማሪያ መጽሐፍም፣ ሲሚንቶም የሚገዛው እሱ ነው። የእኛ አገር አክሲዮን ማኅበራት የስለላ ሶፍትዌር ወደ ውጭ አይልኩም ትሉኝ ይሆናል። ያለ ካሳ ከተነሳ ገበሬ መሬት ላይ የሚገነባ፣ ሕንፃውን አጎንብሶ የሚያስረክብ፣ የደንበኛውን መረጃ አሳልፎ የሚሰጥ ኩባንያ ሊኖር ግን ይችላል። ጥያቄው አንድ ነው። ወለድ አልባ ባንኮቻችን የሸሪዓ አማካሪ ኮሚቴ አላቸው፤ ኮሚቴው ውሉን ያያል እንጂ በባለአክሲዮኑ ፈንታ ጉባኤ ላይ አይቀመጥም።

አንዳንዶቻችሁ ወዲያው ሸጦ መውጣትን ትመርጣላችሁ። ገዢ ካገኛችሁ ይቻላል። እኔ ግን መጀመሪያ ጠይቁ እላለሁ። ስትሸጥ ድርሻህ ለማይጠይቅ ሰው ያልፋል፣ ኩባንያው ይቀጥላል፣ አንተም ድምፅህን ታጣለህ። የመርከቡ ሰዎች መዳኛቸው ከመርከቡ መዝለል አልነበረም፤ እጅ መያዝ ነበር። ጠይቀህ፣ ተደጋግፈህ፣ በጽሑፍም አቅርበህ፣ ሰምተውህ ካልተመለሱ ያኔ መቆየትህ መተባበር ይሆናል፤ በሱረቱል ማኢዳ 2ኛ አንቀጽ የተከለከለው። ያኔ ኪሳራ ቢኖረውም ውጣ።

የቀረችው የበላነው ትርፍ ጉዳይ ናት። ወለድ የተቀላቀለበት የትርፍ ድርሻ ሲመጣ ሐራሙን መጠን አስልቶ፣ አጅር ሳይጠብቁበት ለድሃ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ማውጣት የተለመደ ነው፤ "ተጥሒር" የምንለው። ብዙ ወጣቶች ይህ ለሁሉም ነገር የሚሠራ ሳሙና ይመስላቸዋል። አይደለም። ትርፉ ከሰው በደል የመጣ ሲሆን ሐቁል ዐብድ ገብቶበታል፤ የባሪያው ሐቅ ደግሞ ለሌላ ድሃ በመስጠት አይወርድም። ባለቤቱ ከታወቀ የእሱ ነው። ኮምፒውተሩ የተሰለለበት ሰው ስሙም አድራሻውም ሲታወቅ ትርፉን ለመስጊድ ግንባታ ሰጥቼ ተገላገልኩ ማለት አይቻልም። ባለ 33 አክሲዮኑ በየቤቱ እየሄደ ሳንቲም ይክፈል አልልም፤ የማይቻል ነው። ሳያውቅ ለበላው ተውበት ያድርግ፣ መጠኑን ገምቶ ያውጣ፣ ከቻለም እንዲህ ባለው በደል ለተጎዱ ሰዎች ጠበቃና ሕክምና በሚደርስበት መንገድ ያውጣው። ኩባንያው ራሱ ለተበዳዮቹ እንዲክስ ጉባኤ ላይ ሐሳብ ማቅረብ ደግሞ ይችላል፤ ይህ በአቅሙ ውስጥ ነው። ካወቀ በኋላ የወሰደው ግን ግምት አያስፈልገውም፤ ሙሉውን ያወጣል።

ለዛሬው ዒሻ በኋላ ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የኩባንያችሁን ዓመታዊ ሪፖርት ያላችሁ አብራችሁ ላኩት፤ ቅዳሜ ደርስ ላይ ገጽ በገጽ አብረን እናነበዋለን። ወሏሁ አዕለም።